ለንባብ የሚሆን ጊዜ



ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ፣ ከዚህ ዓለም የሚለይበት ጊዜ መቃረቡን አውቆ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ አደራ እናገኛለን። በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም የብራናዎቹን፣ ይዞለት እንዲመጣ ይለምነዋል (2ጢሞ. 4፥13)። ሞት ከደጃፉ የቆመ ሰው፣ ከብርድ የሚከልለውን ልብስና የሚያነበውን መጽሐፍ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ። እኛ ግን ገና ብዙ ዓመት ያለን ይመስል መጽሐፉን «ሲመቸን» እያልን ከመደርደሪያው አናወርደውም።

«ጊዜ የለንም» የሚለውን ቃል ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ መሽቶ የሚገባ ሰው ድካሙ እውነተኛ ነው። ጌታችንም ሐዋርያቱ እህል ለመቅመስ እንኳ ፋታ ባጡበት ሰዓት አልገሠጻቸውም፤ ለብቻቸው ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው እንጂ (ማር. 6፥31)። እንግዲህ ዕረፍት ከሥራ የተረፈ ፍርፋሪ አይደለም፤ ጌታ ራሱ ያዘዘው ነው። በዚህ ዕረፍት ውስጥ ንባብ አለ፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ የለበሰው በገና አለ፤ ተጀምሮ የቀረው ጥልፍ፣ ከቤት ጀርባ ያለችው የጎመን መደብም አሉ። ይህን ሁሉ የሥራ ፈት ነገር አድርጎ የመቁጠር ልማድ በመካከላችን ሰፍኗል፤ ከወንጌል የተገኘ ግን አይመስለንም።

በአራተኛው መቶ ዘመን የሚላኖ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ አምብሮስዮስ እጅግ ባተሌ ሰው ነበር። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ እንደ ተረከልን፣ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ይከበው ነበር፤ ማንም እንዳይገባ አይከለከልም ነበር። ከሰዎች ተለይቶ በሚያገኛት ጥቂት ጊዜ ሥጋውን በምግብ፣ አእምሮውን በንባብ ያድስ ነበር። ዓይኖቹ በገጹ ላይ ይሄዳሉ፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ሊጠይቁት የመጡት፣ አውጎስጢኖስም ጭምር፣ ዝም ብለው ጥቂት ይቀመጡና ሳያውኩት ቀስ ብለው ይወጡ ነበር። ልብ በሉ! አምብሮስዮስ ሰፊ ጊዜ አልነበረውም፤ በሩንም አልቆለፈም። የተገኘችውን ትንሽ ጊዜ ለንባብ አደረጋት፤ በዙሪያው የነበሩትም አከበሩለት።

ይህ ሁለተኛው ነገር በየቤታችን ፈጽሞ የተረሳ ነው። በብዙ ቤት አባት ጋዜጣውን ወይም ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፤ ልጆችም ለጥናት ይቀመጣሉ፤ እናት ግን ውኃ ስትቀዳ፣ ወጥ ስትሠራ፣ ዕቃ ስታጥብ ይመሻል። እርሷን «ጊዜ ፈልጊና አንብቢ» ማለት ስብከት ሳይሆን ፌዝ ነው፤ ጊዜዋ የተወሰደ እንጂ የጠፋ አይደለምና። ባልም ሆነ ወንድ ልጅ ዕቃውን አጥቦ ግማሽ ሰዓት ቢመልስላት ፍትሕ እንጂ ውለታ አይባልም። ፊደል ያልቆጠረች እናት ብትኖርም፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ከልጆቿ አንዱ የወንጌል ምዕራፍ ወይም የአንድ ቅዱስ ታሪክ ጮክ ብሎ ያንብብላት። ልጆች ሲያነቡ ያላዩትን ነገር «አንብቡ» ስለ ተባሉ ብቻ አይወዱትም።

በቅዱስ በነዲክቶስ ሥርዓት መነኮሳቱ የእጅ ሥራም የንባብም ሰዓት ተወስኖላቸው ነበር፤ በንባቡ ሰዓት ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሽማግሌዎች እየዞሩ ሥራ ፈቶ ወሬ የያዘ እንዳለ ይመለከቱ ነበር። እነዚያ ሽማግሌዎች ማታ ወደ እኛ ሳሎን ቢገቡ ምን ያዩ ይሆን?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በእናንተ ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከዓመታት በፊት በያዘው ደብተር ብቻ የሚያስተምር መምህር፣ ልጆቹ መልሱን ከጥያቄው አስቀድመው ያውቁበታል፤ ሲያድጉም እውነተኛ ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ፣ በቁጥር 25፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ተግተው ማንበብ ከሚገባቸው መካከል ካህናትንና ዲያቆናትን ብቻ ሳይሆን መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስንም በስም የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን ልጅ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም የተወለደው ይህ መነኩሴ፣ ስለ ምንኩስና ሕይወት እውነቱን ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም መጻሕፍት ፍለጋ ዞረ። ያ ፍለጋ እስከ ጎንደር፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1841 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ ሮም አደረሰው፤ በ1844 ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን ተቀበለ፤ በ1855 ስለ እምነቱ በሰንሰለት ታስሮ ሞተ። ንባብ ለእርሱ የጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም።

መንፈሳዊ መጽሐፍ ብቻ ይነበብ ማለታችንም አይደለም። በ2025 ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2024 በጻፉት መልእክት፣ ልብ ወለድና ግጥም ማንበብ የሌላውን ሰው ልብ ለመረዳት እንደሚያግዝ፣ ይህም ለካህናት ብቻ ሳይሆን ለክርስቲያን ሁሉ እንደሚጠቅም አስተምረዋል። ወጣት ሳሉ ራሳቸው ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ ሰው ነበሩና የሚናገሩትን ያውቁ ነበር።

በብዙ ቁምስናዎች ከዕቃ ቤቱ ጥግ የመጻሕፍት ቁም ሣጥን አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ይከፈት፤ አንድ ወጣት ደብተር ይዞ ያውስ፣ ይመልስ። የቁልፉ ነገር ግን ሳይታሰብበት አይቅር፤ በማን እጅ እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ በዚሁ ሳምንት ይጠየቅ።