ዕዳው የማን ነው?

ፔኒሲሊንን በ1920 ዓ.ም. መጨረሻ ያገኘው የስኮትላንድ ተወላጅ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፥ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ ተናግሮ ነበር። ጕሮሮውን የታመመ ሰው መድኃኒቱን ገዝቶ ከመጠኑ አሳንሶ ይወስዳል፤ ያልሞተውም ጀርም መቋቋምን ይማራል፤ በሽታው ወደ ሚስቱ ተላልፎ በሳምባ ምች ስትያዝ ያው መድኃኒት ሳይረዳት ትሞታለች። ለሞትዋ ተጠያቂው ማን ነው? ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም በባልዬው ላይ ጣለው።

ለእኔ ግን ይህ ፍርድ የፈጠነ ይመስለኛል። በብቸናና በሞጣ አገር ያለውን ገበሬ እናስብ። ትኵሳቱ በሦስተኛው ቀን ሲለቀው የተረፈውን ኪኒን በጨርቅ ቋጥሮ ያኖራል፤ የዘሩን እህል በጎተራ የሚያኖር ሰው ነውና፥ ቈጣቢነት በእርሱ ዘንድ ምግባር ነው። ልጁንም ጉንፋን ሲይዘው ያንኑ ያውጠዋል። ጉንፋን ከባክቴርያ የሚመጣ ስላይደለ መድኃኒቱ ልጁን አይረዳውም፤ ነገር ግን በሰውነቱ ካሉት ባክቴርያዎች ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን ያስቀራል። እነዚህም ከሰው ወደ ሰው ሲሸጋገሩ ቈይተው በሩቅ ሆስፒታል የተኛችውን ወላድ ቢገድሉአት፥ ገበሬው ስምዋን እንኳ አያውቅም። በምን ቃል እንከሰዋለን?

ሐኪሙም ቢሆን በዓይኑ ብቻ አይለየውም። ይህ ነገር ለቅኔ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ሁለት ትኵሳት ሰማቸው አንድ ሲሆን ወርቃቸው ይለያያል። ወርቁን የሚፈታው ላቦራቶሪ ነው፤ ከደም ወይም ከቍስል የተወሰደው ናሙና ሁለት ሦስት ቀን ሲያድግ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታያል። ነገር ግን አንድ ውጤት ብቻውን የአንድ ሰው ዕድል ይመስላል፤ አምና ይፈውስ የነበረው ዘንድሮ እንደ ከሸፈ የሚታወቀው ከዓመት ዓመት በመዝገብ ሲጻፍ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ክትትል በ2009 ዓ.ም. በጥቂት ሆስፒታሎች ጀምሮአል። በዓለም ሁሉ በተደረገው ግምት፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ዓመት ብቻ፥ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴርያዎች ምክንያት 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል ሰው ሞቶአል።

መዝገቡ እንግዲህ ዕዳውን ያዛውረዋል። ሳይጻፍ ገበሬው ባለማወቅ ነበረ፤ ከተጻፈ በኋላ ግን ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ባለመድኃኒት ቤት፥ ሳይመረምር የሚያዝዘው ሐኪም፥ አንብበንም ለጎረቤታችን ያልነገርን እኛ ባለዕዳዎች ነን።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። ናሙና የሰጠችው በሽተኛ ውጤቱ ሳይደርስላት ልትሞት ትችላለች፤ ጥቅሙም ከእርስዋ በኋላ በዚያው አልጋ ለሚተኛው ይሆናል። ይህን ሳይሸሽጉ ሊነግሩአት ይገባል፤ የምርመራውም ዋጋ ከመቀነትዋ መፈታት የለበትም።