ከደጀ ሰላሙ ለማታልፊው ልጄ

ልጄ፣ ዓርብ ዕረፍትሽ ሲሆን ከምትሠሪበት ከሀራሙስ ሰፈር ተነስተሽ ቤተ ክርስቲያን ትመጫለሽ፤ ግን ከደጀ ሰላሙ አታልፊም። የንስሐ አባትሽ ቃልሽን ሰምተው ቀኖና ሰጡሽ፤ ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸምሽ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ካሉሽም ቆየ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አንቺ አልደበቅሽም፤ መድኃኒቱም ተሰጥቶሻል፤ ያልሆነው መዋጡ ነው።

የሚያቃጥልሽን አውቃለሁ። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚሁ ጅቡቲ፣ ጎዶሪያ ላይ ሁለት ጀልባዎች ከመጠን በላይ ሰው ጭነው ወደ የመን ሲነሱ ገና ከባሕሩ ዳር ሳይርቁ ተገለበጡ። ከ50 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ ወንድምሽም አብሮ ቀረ። ቀኑ አስተርዮ ማርያም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ለክብረ በዓሉ ሲያሸበሽብ አንቺ በርሽን ዘግተሽ ትውያለሽ። «ና ያልኩት እኔ፣ የደላላውን ገንዘብ የላክሁት እኔ» ትያለሽ።

ላባብልሽ አልፈልግም። ገንዘቡን ልከሻል፤ መንገዱን ሳታጣሪ ና ብለሽዋል። ይህን ይዘሽ ካህን ፊት መቅረብሽ ደግ ነው። ለጥቅሙ ሲል ያን ሁሉ ሰው በጀልባዎቹ ያጨቀው ግን አንቺ አይደለሽም። የሌላውን በደል በራስሽ ላይ መደረብ ትሕትና እንዳይመስልሽ። ከተፈታሽ በኋላ ራስሽን መቅጣትሽም ዳኝነቱን ከእግዚአብሔር እጅ መንጠቅ ነው፤ ይህን ስነግርሽ ጠንክሬብሽ ከሆነ ስለምወድሽ ነው።

የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ስናከብር የበላዔ ሰብእን ታሪክ ትሰሚያለሽ። ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ ባጠጣው ጥርኝ ውኃ ተማረ። እሱን የማረ አምላክ የአንቺን እንባ ሊንቅ ነው?

የጠፋውን ልጅ ነገርም አስቢው። አባቱ የሰባውን ፍሪዳ አርዶ ልብስና ቀለበት አስመጣለት። ልጁ «አይገባኝም» ብሎ ወደ ድግሱ ባይገባ ኖሮ አባትየው ምን ይሰማው ነበር? በደጅ የቀረውማ ታላቅየው ነው፤ የአባቱን ቸርነት መቀበል ያቃተው እሱ ነበር። ልጄ፣ አንቺ የቆምሽው እሱ በቆመበት ነው።

ብትስቂ ወንድምሽን የረሳሽው ይመስልሻል። አልረሳሽውም። ስሙን በጸሎተ ፍትሐት አስጠርተሻል፤ ዛሬም በየቅዳሴው አስጠሪው። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም»፤ እሱን አንመልሰውም። ነገር ግን በሕይወት ያለችው እናታችሁ አንድ ልጅ ሞቶባት፣ ሁለተኛዋ በቁሟ ስትቀርባት እያየች ነው። ስልክ ስታነሺ ድምፅሽ ይሰበራል፤ ያን ሰምታ ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም። ደስታሽን ለራስሽ ብትንቂው እንኳ የእሷም ድርሻ ነውና አትከልክያት።

ለመጪው አስተርዮ እንዲህ አድርጊ። ለአሠሪዎችሽ ቀደም ብለሽ ንገሪና ፈቃድ ውሰጂ። ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሄደሽ ለመቁረብ እንዳሰብሽ አማክሪያቸው፤ የድሮውን በደል እንደ አዲስ አትቁጠሪላቸው፣ ሰምተው ፈትተውሻል። ነጠላሽን አጥበሽ፣ ጾመሽ እደሪ። እልልታው ሲጀመር ከኋላ አትሸሸጊ፤ ከሴቶቹ ጋር ቁሚና እልል በይ። ስትቆርቢ ወዲያው ለእናትሽ ደውዪላት፤ ሌላውን ሁሉ ተዪና «ቆረብኩ፣ እማዬ» በያት።