የመጀመሪያው መደቅ እስኪበላ

ሰው አንድ ጊዜ ያሸነፈውን ጨዋታ እንደገና የሚጫወተው ለምንድን ነው? ጀማሪ ለመማር ይጫወታል፤ ተሸናፊም ሽንፈቱን ለመካስ ወደ ገበታው ይመለሳል። የሁለቱም ምክንያት ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የጨዋታውን መግቢያና መውጫ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ድልንም ደጋግሞ የቀመሰ ተጫዋች ያንኑ አስቸጋሪ ጨዋታ ከሀ ብሎ ሲጀምር ምን ይሻል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን ልምድ ምንድን ነው፣ ልምድ ያለው ሰውስ ምን ዕዳ አለበት ወደሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ያደርሳል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚታየው ትርዒት ይህን ጥያቄ በአካል አቁሞ ያሳያል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን ሸልመው ወደ ሜዳው ይወጣሉ። በዓሉ በዓድዋ ዘመቻ ፈረስና ፈረሰኛ የዋሉትን ውለታ ያስታውሳል። በሜዳው ላይ ጉግስ አለ። አንደኛው ወገን ይሸሻል፤ ሌላው ያሳድዳል፤ ዘንጉ ይወረወራል፤ ጋሻው ይመክታል። ከዚያም ተራው ይገለበጥና አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወደቀው ፈረሰኛ አልተነሣም፤ በጉግስ የተመታው ግን አቧራውን አራግፎ በሚቀጥለው ተራ ይመለሳል። እንግዲህ ጨዋታ ማለት ሰው ሊመለስበት የሚችል ጦርነት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነገር ግን መመለስ እስከ ምን ድረስ ሊፈቀድ ይገባል? ለዚህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የራሱን መልስ ሰጥቷል። ሰንጠረዥ በነገሥታቱ ግቢና በመኳንንቱ አዳራሽ ለዘመናት ሲጫወቱት የኖረ ጨዋታ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ስለ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ በጥናት አቅርቧል። ገበታው እንደ ፈረንጁ ቼዝ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ አልነበረም፤ ባለ አንድ ቀለም ሆኖ በመስመሮች ብቻ የተከፈለ ነበር። በ64ቱ ቤቶች ላይ ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ፣ ደሩና መደቁ ይሰለፋሉ።

የሰንጠረዥ ልዩ ጠባይ አጀማመሩ ላይ ነው። ወረራ በሚባለው በመጀመሪያው ክፍል ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ፣ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የባላጋራን አሰላለፍ አይተው የራሳቸውን ይለውጣሉ፤ ያስኬዱትንም ይመልሳሉ። ይህ ሁሉ ነፃነት የሚዘልቀው ግን ከሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን መደቅ ወይም ሌላ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ነገር ከገበታው ከወረደ በኋላ ወረራው ያበቃል፤ ተራ ይጀመራል፤ የተደረገውም እንደ ተደረገ ይጸናል። የጥንቶቹ ተጫዋቾች በዚህ ሕግ አንድ ትልቅ ሐሳብ አኑረዋል። ሐሳብን መለወጥ የሚቻለው ሌላው እስካልተጎዳ ድረስ ነው፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ይኸኛው ግን ከመጫወቻ ደንብነት ይልቅ ወደ ክብር ሕግነት ያደላ ነው። የባላጋራን ንጉሥ በኃይለኞቹ በደር ወይም በፈረስ መያዝ ጥበብ የጎደለው አጨራረስ ይባል ነበር። በደካሞቹ በፊልና በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ መያዝ ያስመሰግን ነበር። ኃይለኛው መሣሪያ በእጁ ሳለ በትሑቱ መሣሪያ ለመጨረስ የሚደክም ሰው ማሸነፍን ብቻ እንደማይሻ ግልጽ ነው። ማሸነፍንማ ያውቀዋል። የሚሻው ድሉ የሚገባው መሆኑን ነው።

ይኸው ጠባይ ከጨርቅ ገበታ ወደ ኮምፒዩተር መስኮት በተሻገረው የጦር ስልት ጨዋታ ውስጥም ሳይለወጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኤክስኮም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተጫዋቹ ከሰማይ የመጡ ወራሪዎችን የሚቋቋሙ ጥቂት ወታደሮችን ይመራል፤ ተራ በተራም ከጠላት ጋር ይፋለማል። የሞተ ወታደር አይነሣም። ሆኖም ተጫዋቹ የጨዋታውን ሁኔታ በየጊዜው ማስቀመጥና ነገሩ ሲበላሽበት ወደ ተቀመጠው መመለስ ይችላል። በዚህ ዓይነት ወረራው እስከ መጨረሻው ይቀጥላል፤ የተበላው መደቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ግን በዚሁ ጨዋታ ውስጥ «የብረት ሰው» የሚባል አማራጭ አለ። ይህን የመረጠ ሰው አንዲት የተቀመጠች ሁኔታ ብቻ ትኖረዋለች፤ እርሷም እርምጃውን ተከትላ ስለምትታደስ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ጨዋታውን ጨርሰው የሚያውቁ ብዙዎች ሲመለሱ ይህንኑ ይመርጣሉ። ማንም ሳያስገድዳቸው መመለሻውን በገዛ እጃቸው ይዘጋሉ።

ከዚህ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይደለምን? እውነተኛው ኑሮ በቂ ችግር ሳለው በጨዋታ ላይ ችግር መጨመር የጠገበ ሰው ቅንጦት አይደለምን? ተቃውሞው በከፊል እውነት አለው። ችግርን በራሱ ላይ የሚጭን ሰው ለመታየት ብሎ ከሆነ ያደረገው ከፉከራ አይለይም። ነገር ግን ያለ ተመልካች ብቻውን ተቀምጦ ይህን የሚያደርግ ተጫዋችስ? እርሱ የሚፈራው ሌላ ነገር እንዳለ መገመት ይቻላል፤ የሚፈራውም የራሱን ልምድ ነው።

ልምድ የሚያስፈራ መሆኑ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ጀማሪ ምንም ስለማያውቅ ገበታውን ያያል፤ እያንዳንዱ ጠጠር ያስጨንቀዋል። ልምድ ያለው ግን ቀስ በቀስ ገበታውን ማየት ትቶ ትዝታውን ያያል። ትናንት ያሸነፈበትን አሰላለፍ ዛሬም ይደግማል፤ ጠላት ትናንት በመጣበት በር ዛሬም ይጠብቀዋል። መመለሻ ባለበት ጨዋታ ይህ ድክመት ተሸፍኖ ይኖራል፤ ስሕተቱ በተፈጸመ ቁጥር ይሰረዛልና። መመለሻው ሲዘጋ ግን አዋቂው እንደገና ጀማሪ ይሆናል፤ እጁ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት ዓይኑ ይነቃል። ደግሞ የመጫወት ትርፉ ይህ ነው፤ እውቀትን ሳይጥሉ የጀማሪን ጥንቃቄ መልሶ ማግኘት።

የዚህ ትርፍ ዋጋ የሚታወቀው ከጨዋታው ውጭ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በሚገኘው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ከሰብል ጋር እያፈራረቀ ያለማ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅላል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆርጠውና ከሰል ያወጣበታል፤ ከዚያ ዙሩን እንደገና ይጀምራል። አሲድ ባጠቃው መሬት ላይ ይህ ጥበብ ብዙ ቤተሰብ አቁሟል። ዙር በዙር ሲሠራ ተጨማሪ መሬት በዲከረንስ ተሸፈነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዝገት የሚመስል በሽታ በዛፉ ላይ ወርዶ ሰፊ ተክል አጠፋ። ገበሬው አላዋቂ ነበር ማለት አይደለም፤ ያወቀውን በሚገባ ሠርቷል፤ እያንዳንዱ ዙርም የቀድሞውን ትክክለኛነት ያረጋገጠ መስሎ ነበር። የተለወጠው ገበታው ነው። ለደረቀው ማሳ ደግሞ ተመልሰው የሚገቡበት የተቀመጠ ሁኔታ የለም።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ዕዳ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው፣ ወረራው ገና ሳለ፣ ማለትም ምክርን መስማትና ሐሳብን መለወጥ ማንንም በማይጎዳበት ጊዜ፣ ደጋግሞ መመለስና ደጋግሞ ማሰላሰል ነው። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው መደቅ ከተበላ በኋላ የሠራሁት የእኔ ነው ብሎ መቆም ነው። ብዙ አዋቂዎች ሁለቱን አዛብተው ይገኛሉ። መመካከር በሚገባበት ጊዜ ልምዳቸውን ተማምነው ይቸኩላሉ፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ደግሞ ነገሩን እንዳልተደረገ ለመቁጠር ይሞክራሉ። ኅብረተሰብን የሚጎዳው ከአላዋቂው ስሕተት ይልቅ የእንዲህ ያለው አዋቂ እርግጠኝነት ነው።

የእንጅባራው ፈረሰኛ በሚቀጥለው ጥር 23 ጋሻውን አንግቦ ይመለሳል። ሜዳውን ያውቀዋል፤ ፈረሱን ያውቀዋል፤ ጉግሱንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከፊቱ የሚሮጠው ባላጋራ ግን የዛሬ ሰው ነው፤ የሚወረወረውም ዘንግ የዛሬ ዘንግ ነው። በትናንቱ ትዝታ ጋሻውን ያነሣ እንደሆነ ዘንጉ ባልጠበቀው በኩል ያገኘዋል።