እደጉልኝ፤ አትቸኩሉብኝ (የአያት ቃል አንድምታ)

«እደጉልኝ፤ አትቸኩሉብኝ።»

ይህን የተናገረች ማን ናት ቢሉ፣ አያት ናት። ለማን ተናገረችው ቢሉ፣ ለልጅ ልጆቿ። መቼ ቢሉ፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ሙልሙሉ ሲጋገር፣ ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ለማለት በር በሩን ሲያዩ። ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። ያደግሁት ጎንደር ነው፤ አባቴ የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ሴት ልጅ ከጉባኤው መካከል ገብታ አትቀመጥምና፣ እኔ እህል እየለቀምሁ «አንድም» ሲባል በአጥሩ በኩል እሰማ ነበር። በዚያ ትምህርት ኋላ የመጣ ፍቺ የፊተኛውን አይሽረውም። መምህሩ ወደሚያደላበት ያደላል እንጂ ሌላውን አይደመስስም። የራሴን ቃል በዚሁ ሥርዓት ልፈታው የተነሣሁት ታላቁ የልጅ ልጄ «እማማ፣ እደጉ ትይንና መልሰሽ አትቸኩሉ ትይናለሽ፤ የቱን እንስማ?» ብሎ ስለ ጠየቀኝ ነው። መልስ ይገባዋል።

እደጉልኝ፤

አትሙቱብኝ ስል ነው።

ሐተታ። በእኛ ዘመን ልጅ መውለድ ሌላ፣ ልጅ ማሳደግ ሌላ ነበር። ስድስት ሰባት የወለደች ሴት «ስንት ልጅ አለሽ?» ስትባል «የወለድኩትን ነው ያደገልኝን?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ኩፍኝ መንደር ገብቶ ከአንድ ግቢ ሁለት ሦስት ሕፃን ይዞ ሲወጣ ያየ ሰው «እደግ» የሚለውን ቃል እንዲያው ለወጉ አይናገረውም። በ1992 ዓ.ም. እንኳ፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር ታውቋል፤ ከስድስት አንድ መሆኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 59 ወርዷል። የልጅ ልጆቼ ዘጠኝ ወር ሲሞላቸው የኩፍኝ ክትባት ተወጉ። የበኩር ልጄ የሞተችው ግን የክትባቱ ፕሮግራም በአገራችን ከተጀመረበት ከ1972 ዓ.ም. በፊት ነው። በኩፍኝ ነው የሞተችው።

የዚያን ዘመን ኀዘን ማወቅ የሚፈልግ የሰው ስም ያንብብ። ምትኩ፣ ካሳ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ፤ እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ሞት ቀድሞት ለመጣ ልጅ ነው። የታናሹ ስም የታላቁን ሞት ይናገራል። አለልኝ የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሌላው ያልቆየላት እናት «ይኸኛው አለልኝ» ማለቷ ነው። ከእነዚህ ስሞች አንዱ የወንድ ልጄ ስም ነው፤ ከእኅቱ በኋላ ተወለደና አያቱ አወጡለት። እንግዲህ በአገራችን ልጅ የአባቱን ስም አስከትሎ ነው የሚጠራው። የልጅ ልጆቼ በክፍል ውስጥ ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ሲሉ፣ ያላዩዋት አክስታቸው አብራ ትጠራለች። መምህሩ ይህን አያውቅም። ልጆቹም እስከ ዘንድሮ አያውቁም ነበር፤ አሁን ነገርኋቸው።

አንድም እደጉልኝ ማለት፣ ስታድጉ ልያችሁ ማለት ነው። ሐተታ። የራሴን ልጆች ሲያድጉ አላየሁም። አዝዬ እፈጫለሁ፣ አዝዬ ውኃ እቀዳለሁ፣ አዝዬ እንጨት እለቅማለሁ፤ ልጅ በጀርባ ሲታዘል ክብደቱን እንጂ ፊቱን አያሳይም። ከበደኝ ስል አድጎ ነበር። የልጅ ልጅ ግን ከፊት ይቀመጣል። ጊዜውም አለኝ፤ ጉልበቱ ነው የሌለኝ፤ ለማየት ደግሞ ጉልበት አያስፈልግም።

ምን አየሽ ብትሉኝ ይህን አየሁ። የልደት ምስክር ወረቀት ባልነበረበት ጊዜ ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነበር። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን ከነካ ይመዘገባል፤ ካልነካ «የከርሞ ሰው ይበለን» ተብሎ ይመለሳል። የሕፃን ራስ ትልቅ፣ እጁ አጭር ነውና መለኪያው ከንቱ አልነበረም። ይህን ለልጆቹ ባወራላቸው ታናሺቱ ያዘችው። ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሣ እጇን በራሷ ላይ ትሰድዳለች። ጣቷ ከጆሮዋ በላይ ካለው ጸጉር ላይ ይቀራል። አንገቷን ታጋድላለች፤ ወንድሟ «ማጋደል አይፈቀድም!» ይላታል፤ ታቃናለች፤ እንደገና ትሞክራለች። ዓይኗን ጨፍና፣ ምላሷን አውጥታ፣ በሙሉ ልቧ ነው የምትሞክረው። በጥምቀት ሰሞን ሁለት ጣት ያህል ቀርቷት ነበር። በፋሲካ የመካከለኛው ጣቷ ጫፍ የጆሮዋን ጫፍ ነካ። እልል አልሁ። ሰው በአንድ የጣት ጫፍ እልል ማለቴን ቢታዘብም፣ እልል የሚያሰኝ ነገር ስለሆነ ነው ያልሁት።

አንድም እደጉልኝ ማለት፣ ለእኔ እደጉ፣ የእኔ ሁኑ ማለት ነው። ይህን ፍቺ አልወደውም፤ ነገር ግን በቃሉ ውስጥ አለና አልሰውረውም። አያት የልጅ ልጇን ለራሷ ታስቀራለች። እናቱ የከለከለችውን በጓዳ በኩል ትሰጣለች፤ ሲቀጣ ከቀሚሷ ሥር ትደብቀዋለች፤ ሰዉም «የአያት ልጅ ሞልቃቃ ነው» ይላል።

ታሪክ። እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ገና ሕፃን የነበረውን የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን በጎንደር ዙፋን አስቀመጡ። አያት ሞግዚትም ሆኑ፣ መንግሥትም ሆኑ። ልጁ ግን በአያቱ ወገንና በእናቱ ወገን መካከል ተወጥሮ ነው ያደገው። በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደሉት። ምንትዋብም ራሳቸው ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ተቀምጠው እስኪያርፉ ድረስ ወደ ቤተ መንግሥቱ አልተመለሱም። የልጅነቴ ሰፈር ከቁስቋም ሩቅ አልነበረምና የሦስቱ አፅም፣ የእናት፣ የልጅና የልጅ ልጅ፣ በአንድ ስፍራ መሆኑን እሰማ ነበር። ያኔ የምገረመው በንግሥናቸው ነበር። አያት ከሆንሁ በኋላ የማስበው ግን ስለ አንዲት ሴት ነው፤ ልጇንም የልጅ ልጇንም ቀብራ ስለ ኖረች።

አትቸኩሉብኝ፤

ልብሱ ሳያልቅ አይጥበባችሁ፣ ጫማው ሳይቆሽሽ አይነሳችሁ ማለት ነው። ይህ ግልጽ ስለሆነ አልዘገይበትም።

አንድም ከቋንቋዬ አትውጡ ማለት ነው። ሐተታ። ሴት ልጄ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነው። ስትወልድ ላርሳት ሄድሁ፤ ገንፎውን አገነፋሁ፣ አጥሚቱን አፈላሁ፣ ሕፃኑን አጠብሁ፣ አሸሁ። ፈቃዴ ስድስት ወር ነበርና ጥርስ ሳያበቅል ትቼው ተመለስሁ። የመጀመሪያ ጥርሱን በስልክ አየሁ፤ ቆሞ ሲሄድም በስልክ፤ የወተት ጥርሱ ሲወልቅም በስልክ። መጀመሪያ «እማማ» ይለኝ ነበር። መዋያ ገባና በዚያው ዓመት «ሃይ» አለኝ። አሁን የምነግረውን ይሰማል፤ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ እናቱ መካከል ገብታ ትተረጉምልናለች። እሱን ማን ይወቅሰዋል? ልጅ የዋለበትን ይናገራል። እናቱን ግን እለምናታለሁ፤ ሥራ አድክሟት ማታ ስትገባ የሚቀላትን ቋንቋ እንዳትመርጥ። ሁልጊዜም የምላት በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በአማርኛ ብቻ አውሪው ነው። ፊደል ገበታውን ልኬላታለሁ፤ ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ተራ ተደርድሮ 231 ሆሄ ነው፤ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ማየቱስ በስልክም ሆነልኝ፤ ማነጋገሩ ግን የሚሆነው አፋችን አንድ ከሆነ ነው።

አንድም አትቸኩሉብኝ ማለት፣ አትቅደሙኝ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ አያት የልጅ ልጇን አቅፋ «ቅበረኝ» ትላለች። ባዕድ ሰው ቢሰማው ይደነግጣል። እኛ ግን ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል የለንም፤ ተራው አይፋለስ፣ ሽማግሌው ይቅደም፣ ሕፃኑ ቆሞ ይሸኝ ማለት ነውና። ምንትዋብ ይህን አጡ። እኔም በበኩሬ አጣሁት። አሮጊቶች ልጅ ሲሮጥ ባዩ ቁጥር «ቀስ!» የሚሉት እንቅፋቱን ፈርተው ብቻ አይደለም።

ለታላቁ የልጅ ልጄ ጥያቄ መልሱ ከዚህ ነው የሚገኘው። እደጉልኝና አትቸኩሉብኝ አይጣሉም። የፊተኛው አትሙቱብኝ ነው፤ የኋለኛው አትቅደሙኝ ነው። ሌሎቹን ፍቺዎች ሁሉ ልጆቹ እንደ ወደዱ ይያዙዋቸው፤ እኔ የማደላው ወደዚህ ነው፤ እኩዮቼም ቢጠየቁ ወደዚህ የሚያደሉ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ለአንባቢ ልበል። ዛሬ ልደትም ሞትም በሕግ ይመዘገባል፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 አለ። ከዚያ በፊት በየቤቱ ያለፉት ሕፃናት ግን አብዛኞቹ በየትኛውም መዝገብ የሉም። ስማቸውን የሚያውቁት እናቶቻቸው ናቸው፤ እናቶቻቸውም ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ እያለቁም ነው። አያት ያላችሁ፣ ያላደጉላቸው ልጆች ማን ማን ይባሉ እንደነበር ጠይቋቸው፤ ስማቸውንም ጻፉት።