የታሰረ ደመኛ

ፈንጣጣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት ሰንሰለት በመጨረሻ የተበጠሰው በአፍሪካ ቀንድ ነው፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በሶማሊያ በ1977። ይሁን እንጂ ቫይረሱ በአሜሪካና በሩሲያ ሁለት ቤተ ሙከራዎች በቅዝቃዜ ታስሮ ይኖራል። አስቀማጮቹ ለምርምር ይበጃል ይላሉ። ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም፤ የበሽታን ጠባይ ያላወቀ መድኃኒቱን አያገኝም። ነገር ግን በ1978 በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም፣ የፈንጣጣ ቤተ ሙከራ በነበረበት ሕንፃ ትሠራ የነበረች ሴት በዚሁ በሽታ ሞታለች፤ ማንም ክፉ አላሰበባትም። ክትባቱ ከቆመ ወዲህ የተወለደው ትውልድም በሽታውን የሚቋቋምበት ኃይል በደሙ የለም። ስለዚህ እፉኝት በማሰሮ የሚያኖር ሰው የሚጠየቀው ስለ ልቡ ቅንነት ብቻ ሳይሆን ስለ ክዳኑም ጥንካሬ ነው። ጠያቂውስ ማን ነው? ማሰሮው ቢሰበር የሚነደፈው ጎረቤት ሁሉ።