ተጽፎ የተለጠፈ ሕግ ሁሉ ፍትሕ ነውን?

ቁማር ሐራም መሆኑን ለሙስሊም አንባቢ መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት አንድ ዘመዴ ጠይቆኝ ወዲያው መመለስ ስላቃተኝ ጥያቄ ነው።

የአክስቴ ልጅ በአሜሪካን አገር፣ በላስ ቬጋስ ከተማ፣ በአንድ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነው። እንደሚታወቀው በዚያች ከተማ በታክሲና በካዚኖ ሥራ ኑሯቸውን የሚገፉ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ባለፈው ዒድ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እኔ ካርታ አልደብቅ፣ ሰው አልዋሽ። ሕጉ በጠረጴዛው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሰው አንብቦ፣ ወዶ ይቀመጣል። ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው?» አለኝ። በደፈናው ልገስጸው አልቻልኩም። የእናቴ ቤት ቆርቆሮ የተቀየረው እሱ በላከው ገንዘብ ነውና።

ጨዋታው ብላክጃክ ይባላል። ካርታዎቹ ሲደመሩ ከ21 ሳያልፍ አዳዩን የበለጠ ያሸንፋል፤ ከ21 ያለፈ ይሸነፋል። ቤቱ የሚበልጠው በአንዲት ቀላል ነገር ነው፤ ቀድሞ የሚጫወተው ተጫዋቹ ነው። እሱ ከ21 ካለፈ ገንዘቡ ወዲያው ይነሣል፤ ኋላ አዳዩም ቢያልፍ የሚመለስለት የለም። ይህን ለማካካስ ቤቱ ጥቂት ነገር ይተውለታል። ዋነኛው፣ የመጀመሪያ ሁለት ካርታዎቹ አስና ባለ 10 ዋጋ ካርታ ለሆኑለት ሰው የሚከፈለው ጭማሪ ነው። በቀድሞው ሕግ 10 ዶላር ላስያዘ 15 ይከፈለዋል፤ ይህንንም 3 ለ 2 ይሉታል። በዚህና በሌሎች መልካም ደንቦች ጠንቅቆ በሚጫወት ሰው ላይ የቤቱ ብልጫ ከመቶ ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን 6 ለ 5 የሚከፍሉ ጠረጴዛዎች በላስ ቬጋስ እየበዙ ሄዱ። 10 ላስያዘ 12 ብቻ ማለት ነው። ልዩነቱ 3 ዶላር ናት። ይህ ዕድል በ21 ዙር አንድ ጊዜ ገደማ ስለሚገጥም፣ 210 ዶላር በተያዘ ቁጥር 3 ዶላር ተጨማሪ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከመቶ 1.4 ገደማ መሆኑ ነው። አዳዩ አስን እንደ 11 ቆጥሮ 17 ሲሞላለት በመቆም ፈንታ ካርታ እንዲጨምር ቢደረግ ደግሞ 0.2 ያህል ይታከላል። እንዲህ እያለ ግማሽ የነበረው ከመቶ ሁለት ይደርሳል። በሰዓት 80 ዙር በ10 ዶላር የሚጫወት ሰው በአማካይ 4 ዶላር ይከስር የነበረው 16 ገደማ ይከስራል። ዘመዴ እንደነገረኝ ከሆነ፣ ብዙዎቹ እንግዶቹ ቁጥሮቹ ተለቅ ስላሉ 6 ለ 5 የሚሻል ይመስላቸዋል። እሱ ግን ያውቃል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው መውቀሳቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ካዚኖው እርጥቡን እህል ከላይ አድርጎታል። ታዲያ ንጹሕ ነውን? በእኔ እምነት አይደለም። እርጥብ እህል የዳሰሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህን ቁጥር ግን ካላሰሉት አያውቁትም፤ ቤቱም የሚያተርፈው ባለማስላታቸው ነው። እንግዳው እንዲያነብ እንጂ እንዲገባው የማይፈልግ ግልጽነት ከመደበቅ ብዙ አይርቅም።

የገባቸው ሰዎች ምን እንደገጠማቸውም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1956 አራት የአሜሪካ ወታደሮች በሒሳብ ማሽን አስልተው የተሻለውን አጨዋወት አሳተሙ። በ1962 ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ የሒሳብ ሊቅ፣ የወጡትን ካርታዎች በመከታተል ብልጫውን ወደ ተጫዋቹ ማዞር እንደሚቻል በመጽሐፍ አሳየ። በ1964 የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ደንቡን አጠበቁ፤ ደንበኛ ሲሸሻቸው ከሳምንታት በኋላ መለሱት። ዛሬም በኔቫዳ ካዚኖዎች በአእምሮው ካርታ የሚቆጥርን ሰው፣ ሕግ ሳይጥስ፣ ከጠረጴዛቸው ማሰናበት ይችላሉ። ልብ በሉ! የሚሸነፍ ሲስተናገድ፣ ማሸነፍ የቻለ ይሸኛል። ይህን ውል የሁለት ወገን ስምምነት ልንለው እንችላለን?

ዘመዴ ግን በዚህ አልተረታም። «ነጋዴው ከመቶ ሃያ ያተርፍ የለ? እኛ ሁለት ብናተርፍ ምን አለበት?» አለኝ። ከነጋዴው ቡና ይዤ እወጣለሁ፤ እሱም እኔም የፈለግነውን አገኘን። ከጠረጴዛው የምነሣው ግን ወይ ገንዘቤን ጥዬ፣ ወይ የሌላውን ይዤ ነው። ደግሞም ከመቶ ሁለቱ አንድ ጊዜ ተወስዶ አያበቃም፤ ያው ገንዘብ በተያዘ ቁጥር እንደገና ይሸረፋል።

ታዲያ የቤቱ ብልጫ ባዶ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው እኔም ራሴ የተሳሳትኩት። ክፋቱ በብልጫው ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሱረቱል በቀራህ 219 ቁማር ለሰዎች ጥቅም እንዳለው ሳይክድ ኃጢአቱ እንደሚያመዝን ይነግረናል። ሱረቱል ማኢዳህ 91 ደግሞ በሰዎች መካከል ጠላትነትን እንደሚያመጣ፣ ከአላህ ዝክርና ከሶላት እንደሚያግድ ያስረዳል። ስለ ክፍያው መጠን አንዳች አልተወራም። ስለዚህ የደንቡ መላላት ገንዘቡ የሚሄድበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ሥራውን አያጠራውም። የተጻፈ ሕግ ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል፤ ፍትሐዊ የሆነ ሕግም የተከለከለን ነገር ሐላል አያደርግም። ሁለቱን ማምታታት የሕሊና ማደንዘዣ ነው።

እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ወደ ዑለማኦች ሂድ አልኩት። እሱም፣ «ታክሲ ብነዳ ገቢዬ ይቀንሳል፤ ለእናትዎ የምልከውም ይቀንሳል» ሲል መለሰልኝ። ይቀንስ ለማለት ትንሽ ዘገየሁ። ያ መዘግየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ውጭ አገር ዘመድ ያለን ሁሉ ገንዘቡን ስንቀበል ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ፤ መልሱን ከሰማን በኋላም ድሃ ለመሆን ዝግጁ ነን ወይ ብለን ራሳችንን እንፈትሽ። አላሁ አዕለም።