ማዕዱን የሚመርጠው ማን ነው?

ሰው የሚበላውን የሚመርጠው በምላሱ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ግን፥ በማዕድ ላይ የሚቀርበው ምግብ የጊዜ፥ የገንዘብ፥ የልማድና የይሉኝታ ውጤት ነው። ይህንንም ሁሉ አመዛዝና በየዕለቱ የምትቆርጠው በአብዛኛው ቤት ሴት ናት። ስለዚህ ፍርዷን ከመንቀፋችን በፊት፥ ምን አስገድዷት እንደምትፈርድ ማወቅ ይገባናል።

በከተሞቻችን ብዙ ጊዜ የሚሰማ ወቀሳ አለ። «የዛሬ ሴት ሙያ የላትም፤ እንጀራ ከሱቅ ትገዛለች፤ ለራት መኮሮኒ ትቀቅላለች» ይባላል። ይህን የሚናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊጥ አቡክቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንጀራ ማለት ጤፉን ማበጠርና ማስፈጨት፥ ማቡካት፥ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ፥ አብሲት መጣል፥ ከዚያም ከምጣድ ፊት ሳይለዩ መጋገር ነው። የወፍጮ ቤት መምጣት የእጅ ወፍጮን ድካም አቃልሏል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ጢሱን አስቀርቷል። ሆኖም ቀኑን በሥራ ላይ ውላ ስትመሽ ለምትገባ ሴት፥ የተረፈው ድካም ቀላል አይደለም። ፓስታና መኮሮኒ በተለይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የኢጣልያ ወረራ ወዲህ በከተማ ማዕድ ተለመዱ፤ ሥር የሰደዱት ግን በጥቂት ደቂቃ ስለሚደርሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዋጋ ነው። መንግሥት በ1998 ዓ.ም. ያልተፈጨ ጤፍ ወደ ውጭ አገር እንዳይወጣ ከልክሎ የነበረው፥ የዋጋው ነገር የሕዝቡን ማዕድ ስለሚነካ ነው። ጤፍ ሲወደድ እናት ከጤፉ ጋር ማሽላ ወይም ሩዝ ቀላቅላ ታስፈጫለች። ይህም ቤተ ሰብን የማኖር ብልሃት ነው እንጂ የሙያ ጉድለት አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው። ማኛ ጤፍ የክብር ሲባል ቀይ ጤፍ የድኻ ተባለ። ቀይ ጤፍ ግን ለሰውነት በሚሰጠው ጥቅም ከነጩ አያንስም። እንዲሁም ለእንግዳ ለስላሳ መጠጥ ሳያቀርቡ መቅረት የሚያሳፍራቸው፥ ለልጃቸውም ከቆሎ ይልቅ ብስኩት መቋጠር ሥልጣኔ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ጊዜና ገንዘብ ያስገደዷት ሴት አትወቀስም፤ የጎረቤት ዓይን ሲያስገድደን ግን ሁላችንም ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል።

ይህን ስል የጥንቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። በማስተማር ዘመኔ፥ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከትምህርት የሚቀሩ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ወንድሞቻቸው ግን አይቀሩም ነበር። ያ የምናመሰግነው ማዕድ የተከፈለው በእነዚያ ልጆች ትምህርት ነበር። ደግሞም በብዙ ቤት አባትና ልጆች ከጠገቡ በኋላ እናት ከተረፈው ትቀምሳለች። ለሁሉ የምትመርጥ ለራስዋ የማትመርጥ ከሆነ፥ ምርጫው የእርስዋ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

እንግዲህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ወንድም ብትሆን ሴት፥ የቀረበልህን ከመንቀፍህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ይህን ለማሰናዳት ስንት ሰዓት ፈጀ? በስንት ብር ተገዛ? ያሰናዳችውስ በልታለች? መልሱን ያወቀ ሰው ወይ አመስግኖ ይበላል፥ ወይ ተነሥቶ ሽንኩርቱን ይከትፋል። ነገ አንተም ባለ ትዳር ስትሆን፥ ማዕድህን ለሰው ዓይን ሳይሆን ለሰውነት ጤና ምረጥ፤ ድካሙንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አትጫን። «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ አባቶች፤ ልብ ደግሞ ለሴት ብቻ የተሰጠ አይደለም።